እስከ ዘጠነኛው ወር ሠላሳ አንድ

ሰውየው ወንበር ሰፊ ነው። የሳሎን ሶፋ አይደለም የሚሰፋው፤ የአውቶቡስ ወንበር ነው፤ ሕዝብ ሁሉ የሚቀመጥበትን፣ ማን ሰፋው ብሎ ግን አንድም ሰው የማይጠይቅበትን። በሚሠራበት የአውቶቡስ ድርጅት ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ጊዜያዊው» ይሉታል። ታሪኩን የነገሩኝ እሱና ባለቤቱ ናቸው። ሁለቱ ያልተስማሙበት ቦታ ላይ የባለቤቱን ቃል ወስጃለሁ፤ እሱም ቢሆን ቤቱ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሥራውን ያገኘው በሰው ስብራት ነው። ከሱ በፊት የድርጅቱን ወንበር ለብቻቸው የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ዋናው» ይባላሉ። ዋናው አንድ ጠዋት የኋላ መቀመጫ ተሸክመው ከአውቶቡስ ሲወርዱ የመጨረሻዋን ደረጃ ስተው ወደቁና ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ሦስት ወር ዕረፍት ጻፈላቸው። ወንበር ግን በሐኪም ትእዛዝ መቀደዱን አያቆምም። ድርጅቱ የሦስት ወር ሰው ፈለገ፤ እሱም በዚያን ሰሞን ከአንድ ሶፋ ቤት ወጥቶ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ስለነበር የመጣለትን ያዘ።

ውሉን ያዘጋጀለት የሰው ኃይል ኃላፊው ነው። ይህ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ብናኝ የማይታይበት፣ እርሳሶቹን በቁመታቸው የሚደረድር ሰው ነበር። በተለይ የሚኮራው በኤክሴል በሠራው የጊዜያዊ ሠራተኞች ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለው፤ በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ውሉ የሚያልቅበት ቀን ይጻፋል፤ ያ ቀን ካለፈ ሳጥኑ በራሱ ጊዜ ቀይ ይሆናል። ኃላፊው ጠዋት ቢሮ ሲገባ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የቀላ ካለ ያያል፤ የቀላውን ጠርቶ ያሰናብታል። ደመወዝ ክፍልም ላልቀላው ሁሉ ይከፍላል። «የዚህ ነገር ጥቅሙ ማሰብ አለመጠየቁ ነው» ይል ነበር ኃላፊው።

ድርጅቱ ወር የሚቆጥረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ወንበር ሰፊው ሥራ የሚጀምረውም በሰባተኛው ወር መግቢያ ላይ ነበር። ኃላፊው ሦስት ወር ቆጠረ። ሰባተኛው ወር ሠላሳ አንድ ቀን አለው፤ ስምንተኛውም ሠላሳ አንድ አለው፤ ዘጠነኛውንም እንደ ታላላቆቹ ቆጠረና በመጨረሻው ሳጥን «31/9» ብሎ ከነዓመቱ ጻፈ። ዘጠነኛው ወር በሠላሳ ነው የሚያልቀው፤ ከኃላፊው ራስ በላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሩ ግን አልጮኸም፣ አላጉረመረመም፣ ተሳስተሃልም አላለም። የተጻፈለትን ዝም ብሎ ያዘ። አንድ ለውጥ ብቻ ነበረ፤ ሌሎቹ ቀኖች በየሳጥናቸው ወደ ቀኝ ተጠግተው ሲቀመጡ ይህኛው ወደ ግራ ተጠጋ። ኃላፊው ይህን ልብ አላለም። ልብ ቢለውም ኖሮ ሁሉንም መሃል ላይ አድርጎ ያስተካክላቸው ነበር።

የስፌቱ ክፍል ከጋራዡ ጀርባ፣ ከጎማ ማከማቻው ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ከባድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ስፖንጅ፣ ጥግ ላይ በጥቅል የቆመ ሰማያዊ ሽፋን አለበት። የጎማው ሽታ ልብስ ላይ ስለሚቀር፣ እዚያ የዋለ ሰው ማታ አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ ተሳፋሪው መስኮት ይከፍታል። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል። አሮጌውን ሽፋን መግፈፍ፣ የዛገውን ሽቦ መንቀል፣ አዲሱን ሽፋን በጉልበት ተጭኖ እስኪወጠር መሳብ። ያልተወጠረ ሽፋን በሳምንቱ ይሸበሸባል፤ የተሸበሸበ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ሰውየው ሲስብ የታችኛውን ከንፈሩን ይነክሳል፤ ከዚያ በቀር ስለሱ ሥራ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ ጥሩ ሠራተኛ ነው።

በዘጠነኛው ወር ሠላሳኛ ቀን፣ ሠራተኛው ሲወጣ፣ መቀሱን ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ወደ ሰው ኃይል ቢሮ ሄደ።

«ልሰናበት ነው የመጣሁት» አለ።

ኃላፊው ኮምፒውተሩን አየ። «አልቀላህም» አለው።

«ሦስቱ ወር ዛሬ ነው የሚያልቀው።»

«እዚህ እስከ ሠላሳ አንድ ነው የሚለው። ዛሬ ስንት ነው?»

«ሠላሳ።»

«እንግዲህ።»

«ነገ ግን አንድ ነው። ይሄ ወር ሠላሳ አንድ የለውም።»

ኃላፊው የልጅ ጥያቄ እንደሰማ ሰው ፈገግ አለ። «የሌለ ቀን ቢሆን ኮምፒውተሩ ይቀበለኝ ነበር?» አለው። «በል ሂድ ሥራህን ሥራ። ሲቀላ እጠራሃለሁ።»

በማግስቱ መጥቶ ሠራ። በሳምንቱም አልተጠራም። ብዙም ሳይቆይ ዋናው ክንዳቸው ድኖ ተመለሱ። ያን ጊዜ በቃ አለቀልኝ ብሎ ዕቃውን በፌስታል ሰበሰበ። ዋናው ግን የመጀመሪያውን ሽፋን ሊስቡ ሲሞክሩ ክንዳቸው እምቢ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ሽፋኑን ለቀቁትና ስፖንጁ ላይ ቁጭ አሉ።

«አንተ መቼ ነው የምትሄደው?» አሉት።

«ስቀላ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ስትሆን?»

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳቸው። ዋናው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ «እንግዲያው እስክትቀላ ድረስ አንተ ሳብ፣ እኔ ልስፋ» አሉት። የሁለቱ የሥራ ክፍፍል ከዚህ በላይ ውይይት አላስፈለገውም። ስምንት ዓመት በዚሁ ሄዱ።

በመጀመሪያው ዓመት ኃላፊውን ሁለት ጊዜ ጠይቆት ነበር። መልሱ ያው ነው፤ አልቀላህም። ከዚያ በኋላ ተወው። መተው ግን ሌላ ነው፣ መርሳት ሌላ። ቁርጡን የማያውቅ ሰው ሆኖ ኖረ። ለሠራተኛው የልብስ ቁም ሳጥን ሲታደል «እኔ ለትንሽ ጊዜ ነኝ» ብሎ ሳይሰለፍ ቀረ፤ ኮቱን ምስማር ላይ ይሰቅላል። የሥራ ልብስ ሲሰጥ የተረፈውን ይወስዳል፤ የተረፈው ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ ግዙፍ ሹፌር ልክ ነው፤ እጅጌው ሦስት ጊዜ ይጠቀለላል። የዓመት ዕረፍት የቋሚ ሠራተኛ ነው ብሎ ወጥቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ዘበኛው መታወቂያውን ተቀብሎ ሲያይ ልቡ ድንግጥ ይላል። ዘበኛው ግን የሚያየው ፎቶውን ነው፤ ያኔ ፀጉርህ ብዙ ነበር ለማለት።

ባለቤቱን ያገኛት በሁለተኛው ዓመት ነው። መኪና መንዳት ታስተምራለች። አጭር ናት፤ በማስተማሪያዋ መኪና ውስጥ የምትቀመጠው ትራስ ደርባ ነበር። አንድ ተማሪዋ ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጅ ረግጦ ግንብ ገጨ። ግንቡ ምንም አልሆነም፣ መኪናዋም ተጠገነች፤ የሷ ወንበር ግን ወደ አንድ ጎኑ አዘንብሎ ቀረ። የሚያቃናላት ሰው ስታፈላልግ ወደ ስፌት ክፍሉ ላኳት። ሰውየው ወንበሩን ነቅሎ፣ አገላብጦ፣ ትራሱንም አይቶ ቁመቷን ጠየቃት።

«ቁመቴን ምን ያደርግልሃል?» አለች።

«ትራሱን ከሽፋኑ ሥር ላስገባው ብዬ ነው። ከላይ ሲሆን ያንሸራትታል።»

እሷ እንደምትለው እስከዚያን ቀን ድረስ ስለ ቁመቷ የጠየቀ ሰው ሁሉ ቀልድ ያስከትልበት ነበር። እሱ ልኳን ጻፈ፣ ስፖንጅ ቆረጠ፣ ሰፋ፣ «ተቀመጪና እዪው» አለ፤ በቃ። በሳምንቱ ምንም ያልሆነ ወንበር ይዛ ተመለሰች። እሱም ምንም እንዳልሆነ እያየ፣ እስቲ ይቆይና ልፈትሸው አለ።

ነገሩ ሲጠና እናቷ ዘንድ ወሰደችው። እናትየው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ነገር ማለባበስ አይወዱም።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉት።

«ጊዜያዊ ወንበር ሰፊ ነኝ።»

«ጊዜያዊው ወንበሩ ነው ወይስ አንተ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እስከ መቼ?»

መዋሸት አይሆንለትም። «ወረቀቱ እስከ ዘጠነኛው ወር ሠላሳ አንድ ነው የሚለው» አላቸው።

አዋላጅ ስለነበሩ ወር መቁጠር ለምደዋል። ግራ እጃቸውን ጨበጡና በጣታቸው አንጓ ላይ የፈረንጆቹን ወሮች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ፤ በጉብታው ላይ የዋለው ወር ሠላሳ አንድ አለው፣ ጎድጓዳው ላይ የዋለው የለውም። ዘጠነኛው ጎድጓዳ ላይ ዋለ። ደግመው ቆጠሩ፤ አሁንም ጎድጓዳ።

«ዘጠነኛው ወር ሠላሳ አንድ የለውም።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«አለቆችህስ ያውቃሉ?»

«ነግሬያቸው ነበር። ኮምፒውተሩ ተቀብሎታል አሉኝ።»

እናትየው ጭብጣቸውን ፈቱና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አግቢው» አሏት። «ይሄ ሰው አይባረርም።»

ተጋቡ። ሚስቲቱ ግን እንደ እናቷ አልተጽናናችም። ሰውየው ቤቱም ውስጥ ጊዜያዊ ነበር። ሰፋ ያለ ቤት እንከራይ ስትለው «ቁርጤ ይታወቅና» ይላል። አልጋ እንቀይር ስትለው «ቁርጤ ይታወቅና» ይላል። የሳሎኑን ግድግዳ ለመቀባት ሦስት ዓይነት ቀለም በትንሽ በትንሹ ሞክረውበት፣ ሦስቱ ጠቃጠቆዎች እንዳሉ ዓመታት ቆዩ፤ በመጨረሻ አማቱ እሱ ሥራ በዋለበት ቀን ቀለም ቀቢ ይዘው መጥተው በአራተኛ ቀለም አስቀቡት። «ጫማውን ሳያወልቅ የተቀመጠ እንግዳ ያገባሁ ይመስለኛል» ትለዋለች ሚስቱ። እሱም ይህን ሲሰማ እግሩን ያያል።

ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ስለ ወላጆቿ ሥራ ተናገሪ ስትባል «አባቴ እስኪቀላ ድረስ ወንበር ይሰፋል» አለች። አስተማሪዋ እናትየውን አስጠርታ፣ በጨዋ ደንብ፣ ባለቤትዎ የደም ግፊታቸውን ታይተው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

በስምንተኛው ዓመት ያ ኃላፊ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረና በቦታው አንዲት ወጣት ሴት ተተካች። ቀስ ብላ የምታወራ፣ ያልገባትን ነገር ገባኝ የማትል ሰው ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ሰንጠረዡን ማጽዳት ነው። የውል ማብቂያውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ስታይ ቀኖቹ ሁሉ በቀኝ በኩል ተሰልፈው አንዱ ብቻ በግራ ቆሟል። ከቀደመው ወደ ኋለኛው እንዲደረደሩ ስታዝዝ ደግሞ ያ ቀን ከሁሉም በታች፣ ገና በሚመጣው ዓመት ከሚያልቁት ውሎችም በታች ሄዶ ተቀመጠ። የማን እንደሆነ አየችና አስጠራችው።

መልእክቱ ሲደርሰው ሽፋን እየሳበ ነበር። ለቀቀው። «ቀላሁ መሰለኝ፣ ጋሼ» አላቸው ለዋናው።

ዋናው ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ «እስቲ መጀመሪያ ሂድና እይ» አሉት።

ቢሮው ሲገባ «ይቀመጡ» አለችው። እሱ ግን ቆሞ መታወቂያውን ማውለቅ ጀመረ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ስቀላ እንደምጠራ ተነግሮኝ ነበር።»

«አልቀሉም። የጠራሁዎትም ስላልቀሉ ነው።»

ተቀመጠ። ኃላፊዋ ኮምፒውተሩን ወደሱ አዞረችለትና በጣቷ አሳየችው።

«ይሄን ያዩታል? ኮምፒውተሩ ይሄን ቀን ነው ብሎ አልያዘውም። እንደዚህ ያለ ቀን ስለሌለ ቃል ነው ብሎ ነው የያዘው። ለሱ ይሄና ድንች የሚል ጽሑፍ አንድ ናቸው።»

«ድንች።»

«ለምሳሌ ነው ያልኩዎት። ትክክለኛ ቀን ከውስጡ ቁጥር ነው። ዛሬም ከውስጡ ቁጥር ነው። ሁለቱን ያወዳድራል፤ የውሉ ቀን ከዛሬ ካነሰ ያቀላዋል። ቃልን ከቁጥር ጋር ሲያወዳድር ግን ምንጊዜም ቃሉ ይበልጣል። ሲሠራ ጀምሮ እንደዚያ ነው የተደረገው።»

«ስለዚህ የኔ ውል ያላለቀው...»

«ከዛሬ ስለሚበልጥ ነው። ከነገም ይበልጣል።»

«እስከ መቼ?»

«ማብቂያ የለውም።»

«ለባለቤቴ እንደዚህ ብዬ ልንገራት?» አለ።

«አይ፣ ይቆዩ» አለች። «ላስተካክለው ነው።»

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን በዓምዱ ላይ አጥር አድርጋበት ነበር፤ ከእንግዲህ ወዲህ ቀን ያልሆነ ነገር ሲጻፍበት ኮምፒውተሩ እምቢ እንዲል። አጥሩ መሥራቱን እንዲያይ «31/9» ብላ እዚያው ፊቱ ጻፈችው። ኮምፒውተሩ ድምፅ አሰማና የጻፉት ተቀባይነት የለውም የሚል መልእክት አወጣ። ሰውየው መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ኃላፊዋ አንዲቷን ቀን ቀነሰችና «30/9» ብላ ጻፈች። ቀኑ ከግራ ወደ ቀኝ ዘለለ፤ በዚያው ቅጽበት ሳጥኑ ቀላ።

ሁለቱም አዩት።

«ቀላሁ» አለ።

«ቀልተዋል» አለች። ማለቷን ራሷም የወደደችው አይመስልም። «ከስምንት ዓመት በፊት።»

መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። እሷ መልሳ ሰጠችው፤ ነገሩን ለሥራ አስኪያጁ ሳታቀርብ ሰው እንደማታሰናብት ነገረችው።

«ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር?» አለ።

ለዚህ ጥያቄ በሰንጠረዡ ላይ መልስ አልነበረም። «ይምጡ» አለች። «ግን ሥራ አይንኩ።»

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ የቀን ውሎዋን ነግራው ሳትጨርስ «ቀላሁ» አላት።

«መቼ?»

«ከስምንት ዓመት በፊት።»

የያዘችውን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ሲነግራት እስከ ድንቹ ድረስ ሳታቋርጠው ሰማችው። «እሺ፣ ቢያንስ አወቅነው» አለች። እሷ እውነቱን ለመናገር እፎይ ብላለች። እሱ ግን የቀረበለትን ሳይበላ ተነሣ። ያናደደው ሥራ ማጣቱ አልነበረም፤ ያማ ሲጠብቀው የኖረው ነገር ነው። ያናደደው ሌላ ነው። «ውሌ ያኔ አልቆ ከነበረ» አላት፣ «ያን ሁሉ ወንበር ማን ሰፋው ሊባል ነው?» ሚስቱ ያልነካውን ምግብ ከድና አስቀመጠችለት።

በማግስቱ መጥቶ ሥራ ሳይነካ ስፖንጁ ላይ ተቀመጠ። ዋናው የሰፉት ተከመረ፤ የሚስብ የለም። በሦስተኛው ቀን ወንበራቸው የወለቀ አውቶቡሶች ግቢውን ሞሉት፤ ሹፌሮቹም መጥተው በሩ ላይ ቆመው የተቀመጠውን ሰው ያያሉ። አንዱ «ታመህ ነው?» ሲለው «የለም፣ ውሌ አልቆ ነው» ብሎ መለሰ። «ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?» «ሥራ አልነካም።» ሹፌሩ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተባለውን በኋላ ኃላፊዋ ናት የነገረችው። ሥራ አስኪያጁ ቆመው መነጋገር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የተቀመጠ ሰው ነገር ያስረዝማል ብለው ያምናሉ።

«ወደ ነበረበት መልሺው» አሏት።

«ኮምፒውተሩ አይቀበልም።»

«ስምንት ዓመት ሲቀበለው የኖረውን?»

«ያኔ አጥር አልነበረበትም።»

«አጥሩን ማነው ያደረገው?»

«እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ስለ ኮምፒውተር ብዙ አያውቁም፤ የሚያስፈልጋቸውን ግን ያውቃሉ። «አጥሩ የሚጠብቀው በእጅ የሚጻፈውን ነው» አሏት። «ከድሮው ፋይል ቅጂና ለጥፊው። ተቀድቶ የሚለጠፈውን ማነህ ብሎ አይጠይቀውም።»

እውነት ነው፤ አይጠይቀውም።

«ይገባል» አለች ኃላፊዋ። «ግን መጀመሪያ የተጻፈ ጊዜ ስህተት ነበር። አሁን አውቄ ሳስገባው ስሙ ሌላ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ሄደው ግቢውን አዩ። «እነዚህ አውቶቡሶች ለምን ቆሙ?»

«ወንበር የሚሰፋላቸው አጥተው ነው።»

«ጊዜያዊውስ?»

«ውሉ አልቋል።»

«መቼ?»

ደግማ ነገረቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኃላፊዋ እሳቸውን ተቀምጠው ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ረጅም ነገር ሆነ። ዋናው ጡረታቸው ደርሶ ስለነበር ቋሚ የወንበር ሰፊ ቦታ መከፈቱ አይቀርም ነበር፤ ቋሚ ሰው ደግሞ ያለ ማስታወቂያና ያለ ፈተና አይቀጠርም። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጠፈ። ጊዜያዊው እንደማንኛውም ሰው ቆሞ አነበበው። በሙያው ቢያንስ ሦስት ዓመት የሠራበትን ማስረጃ ማቅረብ የሚችል፣ ይላል። ኃላፊዋ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ከገባበት ቀን አንስቶ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ድርጅት ወንበር ሲሰፋ ቆይቷል የሚል። ሥራ አስኪያጁ ብዕር አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ያለ ውል ሠርቷል እያልሽ እኮ ነው።»

«ሠርቷል ነው ያልኩት። ወንበሮቹ አሉ፤ ሰው ተቀምጦባቸዋል።»

ብዕሩን እንደገና አንስተው ፈረሙ።

ለፈተናው ሦስት ሰዎች ቀረቡ። ፈታኙ ዋናው ነበሩ፤ የተሰጠው ሥራ የሹፌር ወንበር ማልበስ ነው። አንደኛው ተፈታኝ ሽፋኑን ገልብጦ ሰፋውና ራሱ ሲያየው አፍሮ ሄደ። ሁለተኛው ስመ ጥር የሶፋ ባለሙያ ነበር፤ የሠራው ወንበር ከጊዜያዊው ወንበር ያምራል፤ ይህን ራሱ ጊዜያዊውም አይክድም። ዋናው ተቀመጡበት፣ ተደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው «እጅህ የተባረከ ነው» አሉት። «ግን እዚህ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሕዝብ ጭኖ ነው፤ እንቅልፉ እንዲመጣ አንፈልግም።» ከዚያ ጊዜያዊው የሠራው ላይ ተቀምጠው ወዲያው ተነሡ። «ይሄ ያነቃል» አሉ። ይህ ሙገሳ መሆን አለመሆኑን እስከ ዛሬ አልጠየቃቸውም።

አለፈ። የሚፈርምበት ቀን ኃላፊዋ ስሙን ወደ ቋሚ ሠራተኞች ሰንጠረዥ አዛወረችው። እዚያኛው ላይ የውል ማብቂያ የሚባል ዓምድ የለም። የትውልድ ቀኑን ስትጽፍ ግን በሌላ ሳጥን ውስጥ አንድ ቀን በራሱ ብቅ አለ። በቀኝ በኩል ተጠግቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ጡረታ የሚወጡበት ቀን ነው። ራሱ አስልቶ ነው የሚያመጣው።»

«በትክክል ያለ ቀን ነው?»

ኃላፊዋ ወደፊት ቆጥራ አየችለት። «አለ» አለችው። «ሐሙስ ነው።»

ፈረመ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የሚያልቅበት ቀን ኖሮት አያውቅም፤ ቋሚ በሆነ በደቂቃው ተሰጠው። ቢሮውን ለቆ ሲወጣ ደስታ ይሁን ሌላ ነገር ለይቶ ለማወቅ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመ። ለሚስቱ «ሐሙስ ነው» ሲላት «ምኑ?» አለች። ዓመቱን ሲነግራት ልጃቸው ያን ጊዜ ስንት ዓመት እንደሚሆናት አሰበችና «አረጀን እኮ» አለች። አማቱ ነገሩን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። «በፊት የነበረው ይሻል ነበር» አሉት።

ዋናው በክብር ተሸኙ። ሽማግሌው ሲሄዱ የሚስበውም የሚሰፋውም እሱ ብቻ ሆነ፤ ሠራተኛው ግን ስሙን አልቀየረለትም። አዲስ የገባ መካኒክ «ቋሚው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ «ጊዜያዊው ነዋ» ይሉታል፤ ማንም ተሳስተን ነው አይልም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ኃላፊዋ አስጠራችው። አሁንም መታወቂያውን እያወለቀ ሄደ። የጠራችው ግን የዓመት ዕረፍትዎን አልወጡም ብላ ነው። እሱ አያስፈልገኝም አለ። እሷ ግዴታ ነው አለች፤ ካልወጡ ሰንጠረዡ ቢጫ ይሆናል። ሰውየው ከእንግዲህ በየትኛውም ቀለም መሆን ስለማይፈልግ ወጣ።

በመጀመሪያው ቀን በልማዱ ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ በሩ ድረስ ሄዶ ቆመ። ሚስቱ ተማሪዋ ቀርቶባት ቤት ነበረች፤ «ና እንሂድ» ብላ ይዛው ወጣች። የት እንደሚሄዱ ስላልወሰኑ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሚስቱ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር «ቀደም ብሎ መያዝ ነበረበት» ትላለች። እሱ የተቀመጠበትን ወንበር በመዳፉ ዳሰስ ዳሰስ አደረገው፤ ጥብቅ ነው።

ከፊታቸው በነበረው ወንበር ላይ ክራባት ያሰረ ሰው በስልክ እያወራ ነበር። ወሬው ተመችቶታል፤ በግራ እጁ፣ ሳያውቀው፣ ከአጠገቡ ካለው ባዶ ወንበር ስፌት ላይ ክር እየሳበ በጣቱ ላይ ይጠቀልላል። ክሩ አንድ ክንድ ያህል ወጥቷል። ስፌቱ እየተከፈተ ነው።

ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «በለው እንጂ» አለች በሹክሹክታ።

«ምን ልበለው?»

«ወንበርህን እየፈታው ነው።»

ሰውየው ክሩን አየ፤ ወደ ባለ ክራባቱ ጣት አየ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ዕረፍት ላይ ነኝ» አላት።

እሷ ግን ዕረፍት አልወጣችም። ወደፊት ዘንበል አለችና ባለ ክራባቱን ትከሻው ላይ ነካ አደረገችው።